ውህድ 3 ማን ነው? ኬሚካሎች በጽሑፍ ውስጥ ቁጥር የሚያገኙበት መንገድ

የኬሚስትሪ ጥናታዊ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠ ሰው የተሳሳተ መጽሐፍ ያነሣ ሊመስለው ይችላል። «1ን ከ2 ጋር አሙቀን 3ን አገኘን፤ 3 አሲድ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ሲፈላ ግን ተመልሶ 1 ሆነ» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይገጥመዋል። ቁጥሮቹ በደማቁ ታትመዋል። መጠን አይደሉም፤ ደረጃም አይደሉም። እያንዳንዳቸው የሚወክሉት አንድ ኬሚካላዊ ውህድ ነው፤ ማለትም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ መጠን ተጣምረው የሠሩትን አንድ ነገር።

ሲያዩት ቀላል ነው፤ መቁጠር ማን ያቅተዋል? የሚከብደው ጽሑፉ በተሻሻለ ቁጥር የውህዶቹም ቁጥር የሚናጋ መሆኑ ነው።

ስም እያለ ቁጥር ለምን አስፈለገ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የውህዶችን ስም የሚያወጣው ግን ኮሚቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡ ኬሚስቶች ለካርቦን ውህዶች አሰያየም ዓለም አቀፍ ደንብ አወጡ። በ1919 የተቋቋመውና አዩፓክ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኬሚስቶች ኅብረት ሥራውን ተረክቦ እስከ ዛሬ ደንቡን ያሻሽላል። የደንቡ ዓላማ ስሙን ያነበበ ኬሚስት ሌላ ምንም ሳያይ ሞለኪውሉን መሳል እንዲችል ነው። ዓላማው ይሳካል፤ ዋጋው ግን ርዝመት ነው። አስፕሪን የምንለው መድኃኒት በዚህ ሥርዓት 2-አሴቶክሲቤንዞይክ አሲድ ይባላል። ይህ ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው። የትልልቅ ሞለኪውሎች ስም ቅንፍ፣ ሰረዝና አኃዝ ተሰግስጎበት ሁለትና ሦስት መስመር ይፈጃል። እንዲህ ያለ ስም በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ቢደጋገም አንባቢው ስሙን ሲያነብ ሥራው ያመልጠዋል።

በቀመር ቢጠራስ? አይበቃም። ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ያለው ሞለኪውል ኤታኖል ሊሆን ይችላል፤ በመጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል ማለት ነው፤ 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። እነዚያው ዘጠኝ አተሞች በሌላ አደራደር ሲያያዙ ደግሞ ዳይሜትል ኢተር ይሆናሉ፤ እርሱ የሚፈላው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው። ቀመሩ አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን አይገናኝም።

ስለዚህ ጸሐፊው የውህዱን ሥዕልና ሙሉ ስም አንድ ጊዜ ያስተዋውቃል፤ አጠገቡ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲያ በቁጥሩ ይጠራዋል።

ቁጥሩ የሚሰጠው በምን ደንብ ነው?

ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ውህድ 1 ይሆናል፤ ቀጥሎ የተነሣው 2፤ እያለ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር እስከ መጨረሻው ገጽ የዚያው ውህድ ነው፤ ለሌላ አይሰጥም። ሁሉም ኬሚካል ቁጥር አያገኝም። ማሟሚያው፣ ማጠቢያው፣ ማድረቂያው ጨው በስማቸው ይጠራሉ። ቁጥር የሚገባው ጽሑፉ ደጋግሞ ለሚመለስበት፣ የታሪኩ ባለቤት ለሆነ ውህድ ነው።

የተቀራረቡ ውህዶች ሲኖሩ ፊደል ይጨመራል። አንድ ኬሚስት የአንድን ሞለኪውል አንድ ጫፍ ብቻ እየለወጠ አምስት ውህዶች ቢሠራ አምስት ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ሁሉንም 7 ብሎ በፊደል ይለያቸዋል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ እዚህ 7ሀ፣ 7ለ፣ 7ሐ እላቸዋለሁ። ይህ ቦታ ለመቆጠብ ብቻ የተደረገ አይደለም። አንባቢው ፊደሉን ሲያይ «እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው» ብሎ ይረዳል።

ለእያንዳንዱ ውህድ የማይለወጥ ቋሚ ቁጥር የለም እንዴ?

አለ። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ክፍል የሆነውና ካስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ኬሚካሎችን ይመዘግባል፤ ዛሬ መዝገቡ ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። የውሃ ቁጥር 7732-18-5 ነው። የመጨረሻዋ 5 እንደ ዘብ ናት፦ ከእርሷ በፊት ያሉትን አኃዞች ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያልን ብናባዛና ብንደምር 8፣ 2፣ 6፣ 12፣ 35 እና 42 ይሆኑና ድምሩ 105 ይመጣል፤ የ105 የመጨረሻ አኃዝ 5 ነው። አንድ አኃዝ በስሕተት የተጻፈ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ አይገጥምም።

የዚህ ቁጥር ጥቅም ትልቅ ነው፤ ለዓረፍተ ነገር ግን አይመችም። «7732-18-5 በተጨመረበት» እየተባለ የተጻፈ አንቀጽ ማን ይጨርሳል? ደግሞም ጥናቱ የሚያወራው ገና ትናንት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለተሠራ ውህድ ከሆነ በሚጻፍበት ሰዓት በመዝገቡ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ሥራቸው የተለያየ ነው። የመዝገቡ ቁጥር እንደ መታወቂያ ነው፤ የትም ቢሄዱ ያው ነው። የጽሑፉ ቁጥር ደግሞ የወረፋ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ግቢ ሲወጡ ትርጉም የለውም።

ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ሰዎችን በወረፋ ቁጥራቸው የሚጠራ ሰው አንድ ሰው በፊት በኩል በገባ ቁጥር የሁሉንም ስም መለወጥ አለበት።

እስቲ በምሳሌ፦ አንድ ውህድ ከፊት ቢገባ ምን ይሆናል?

አንዲት ተማሪ ስለ አስፕሪን አሠራር ትጽፋለች እንበል። ሳሊሲሊክ አሲድ 1 ነው፤ አሴቲክ አንሃይድራይድ 2፤ ከሁለቱ የሚገኘው አስፕሪን 3። ጽሑፉ አርባ ገጽ ደርሷል። አማካሪዋ አንብበው «ሳሊሲሊክ አሲዱ ራሱ ከየት መጣ? ከፊኖል ጀምሪ» ይሏታል። ተገቢ አስተያየት ነው፤ ፊኖል ወደ ጨውነት ተለውጦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት፣ በኋላም በአሲድ ሲታከም ሳሊሲሊክ አሲድ ይሰጣል። ነገር ግን ፊኖል 1 ሲሆን የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻሉ።

ተማሪዋ የምታውቀው አንድ መላ «ፈልግና ተካ» የሚለው ትእዛዝ ነው። 1 ያለበትን ሁሉ 2 አድርግ ትላለች። አሁን አሮጌው 1 እና አሮጌው 2 አንድ ሆኑ። ቀጥላ 2ን በ3 ትተካለች፤ ሦስቱም 3 ሆኑ። በመጨረሻ 3ን በ4። ጽሑፏ «4ን ከ4 ጋር አሙቀን 4ን አገኘን» ይላል። በዚህም አላበቃም። መሣሪያው የውህድ ቁጥርንና ሌላውን ቁጥር አይለይም፤ ስለዚህ 13.8 ግራም የነበረው የሳሊሲሊክ አሲድ ክብደት 44.8 ግራም ሆኗል፤ አስፕሪን በጀርመኑ ባየር ኩባንያ በንጹሕ መልኩ የተሠራበት 1897 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ 4897 ሆኖ ተገኝቷል።

ከኋላ ወደ ፊት መተካት፣ ማለትም መጀመሪያ 3ን በ4፣ ከዚያ 2ን በ3፣ በመጨረሻ 1ን በ2፣ ቢያንስ ውህዶቹን ከመደባለቅ ያድናል። ክብደቱንና ዓመተ ምሕረቱን ግን አያድንም። ሁሉንም በዓይን እየለቀሙ ማስተካከልም ይቻላል። አርባ ገጽ ላይ አንድም ሳያመልጠው የሚለቅም ሰው ግን አላየሁም፤ እኔም አልሆንኩም።

መፍትሔው ምንድን ነው?

ቁጥሩን አለመጻፍ ነው። ጸሐፊው በእያንዳንዱ ቦታ የውህዱን መጠሪያ ይጽፋል፤ «እዚህ የአስፕሪን ቁጥር ይግባ» እንደ ማለት። ቆጠራውን የሚሠራው ገጹን የሚያቀናብረው ፕሮግራም ነው። ይህ መጠሪያ ለአንባቢው አይታይም፤ በጸሐፊውና በፕሮግራሙ መካከል የሚቀር ምስጢራዊ ስም ነው። ፊኖል ከፊት ሲገባ ተማሪዋ ፊኖልን ብቻ ትጨምራለች፤ ቀሪዎቹ በራሳቸው ይሸጋሸጋሉ፤ 13.8 ግራሙም በቦታው ይቆያል።

በዚህ አሠራር የሚታወቀው ላቴክ የተባለው ሥርዓት ነው። መሠረቱን፣ ቴክን፣ የጀመረው ዶናልድ ክኑዝ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የራሱ መጽሐፍ አዲስ እትም የፊደል አቀማመጥ አስጠልቶት ነበር። ላቴክን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በላዩ ላይ የገነባው ሌስሊ ላምፖርት ነው። ላቴክ ለምዕራፍ፣ ለሥዕልና ለሠንጠረዥ ቁጥር መስጠት በተፈጥሮው ያውቃል። ለውህዶች ግን ኬምነም እና ኬምኮምፓውንድስን የመሳሰሉ ተጨማሪ ጥቅሎች ያስፈልጉታል። ኬምነም ፊደሉንም ያውቃል፦ የቤተሰቡን መጠሪያና የአባሉን መጠሪያ አያይዞ ለጻፈ ሰው 7ሀን እና 7ለን ይሰጠዋል፤ ብዙ ውህዶች በአንድነት ሲጠሩም «ከ7ሀ እስከ 7ሐ» ብሎ ያሳጥራል።

ለሥዕል ከሚሰጠው ቁጥር በምን ይለያል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ሥዕል ቤት አለው። ሥዕሉ የተቀመጠበት ቦታ የቁጥሩ መወለጃ ነው፤ በሌላ ቦታ «ሥዕል 9ን ይመልከቱ» ስንል ወደዚያ ቤት እንጠቁማለን። ገጽ 2 ላይ ያለው ጠቋሚ ገጽ 30 ላይ ያለውን ሥዕል ቁጥር ገና ስለማያውቅ ላቴክ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያልፍበታል። በመጀመሪያው ዙር ያገኘውን ቁጥር ሁሉ በረዳት ፋይል ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ከመዝገቡ እያነበበ ይሞላል። መጠሪያው የማይታወቅ ከሆነ በቦታው ሁለት የጥያቄ ምልክት ያትማል። ዓይን የሚወጋ ስለሆነ ስሕተቱ አይደበቅም።

ውህድ ግን ቤት የለውም። የትም ይነሣ፣ መጀመሪያ የተጠራበት ቦታ መወለጃው ነው። ይህ ነጻነት ያመቻል፤ አንቀጽ ከቦታ ቦታ ቢዘዋወር ቁጥሩ አብሮ ይስተካከላል። ወጥመዱም ከዚሁ ይመጣል። ጸሐፊዋ አንድ ቦታ «አስፕሪን» ሌላ ቦታ «አስፒሪን» ብላ መጠሪያውን ብትጽፍ ፕሮግራሙ አያጉረመርምም። አዲስ ውህድ መጣ ብሎ 5 ይሰጠዋል። የጥያቄ ምልክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ ጥርት ያለ፣ ንጹሕ የሚመስል፣ ግን የማንም ያልሆነ ቁጥር።

ስለዚህ መጠሪያ አመራረጥ ቀልድ አይደለም። አጭርና አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያለው መሆን አለበት። «ውህድ3» የሚል መጠሪያ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ነገ ቁጥሩ 4 ሲሆን «ውህድ3» ብላችሁ ጽፋችሁ 4 ሲወጣ ማየት ያሳብዳል። ብዙ ውህዶች ያሉት ሰው መጠሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ ከጎኑ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

ቆጣሪው መቼ ይሳሳታል?

በርዕስና በማውጫ ላይ። አንድ ንዑስ ርዕስ «የ12 አሠራር» ይላል እንበል። ርዕሱ በማውጫው ውስጥም ይገለበጣል፤ ማውጫው ደግሞ ከሁሉም በፊት ነው። በመጀመሪያው ዙር ማውጫው ባዶ ስለሆነ ቁጥሮቹ ልክ ይወጣሉ። በሁለተኛው ዙር ማውጫው ተሞልቶ ሲመጣ ቆጣሪው ያንን ውህድ መጀመሪያ ያገኘው እዚያ ይሆንና 12 የነበረው 1 ይሆናል። ደኅና የነበረ ሰነድ እንደገና ስላስኬዱት ብቻ ሲታመም አስቡት! መድኃኒቱ ከማውጫው በፊት የውህዶቹን ቅደም ተከተል ማወጅ ነው፤ ወይም በርዕስ ውስጥ ቁጥር አለመጠቀም። ሁለተኛው ለአንባቢም የተሻለ ይመስለኛል፤ ማውጫ ለሚያይ ሰው 12 ምን ይነግረዋል? በአኅጽሮተ ጥናቱም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ተነጥሎ ስለሚነበብ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም አይሰጥም።

ሥዕሎችም ያሳስታሉ። ላቴክ ሥዕልን ብዙ ጊዜ ቦታ ባገኘበት ገጽ ራስጌ ላይ ያስቀምጣል፤ የሚቆጥረው ግን ጸሐፊው በጻፈበት ተራ ነው። ስለዚህ ውህድ 9 ያለበት ሥዕል 6 ከተጠራበት አንቀጽ በላይ ሊታተም ይችላል። ይህን ማሽኑ አይፈርድም፤ የመጨረሻውን ገጽ አይቶ የሚወስነው ሰው ነው።

በሥዕሉ ውስጥ ያለው ቁጥርስ?

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ሞለኪውሎች የሚሳሉት ብዙ ጊዜ በሌላ ፕሮግራም ነው፤ ከ1985 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው የሚታወቀው ኬምድሮው ነው። ከሞለኪውሉ ሥር የተጻፈው «3» ለጽሑፍ አቀናባሪው ቁጥር አይደለም፤ እንደ መስመሮቹ ሁሉ የሥዕሉ አካል ነው። ጽሑፉ ውስጥ 3 ወደ 4 ሲለወጥ ሥዕሉ አልሰማም። አንባቢው አስፕሪንን ፈልጎ ሥዕሉን ሲያይ 4 የተባለ ነገር የለም፤ 3 የተባለው ደግሞ አሁን አንሃይድራይዱ ነው።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ በሥዕሉ ውስጥ በቁጥሩ ፋንታ ጊዜያዊ ምልክት መጻፍና አቀናባሪው ምልክቱን በእውነተኛው ቁጥር እንዲተካ ማድረግ ነው። ላቴክ ለዚህ ፒኤስፍራግ የሚባል የቆየ መሣሪያ አለው፤ የሚሠራው ግን ፖስትስክሪፕት በተባለው የፋይል ዓይነት ላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ ስለሚያወጣ ጠመዝማዛ መንገድ መሄድ ይጠይቃል። ሌላው ኬምፊግን በመሰለ ጥቅል ሞለኪውሉን ራሱን በላቴክ ውስጥ መሳል ነው፤ ያኔ ቁጥሩ ከጽሑፉ ጋር አንድ ሕይወት ይኖረዋል። ለአስፕሪን ይህ ቀላል ነው። ለስድስት ቀለበት ሞለኪውል ግን እያንዳንዱን ትስስር በማዕዘን እየጻፉ መሳል ትዕግሥት ይፈትናል።

በማይክሮሶፍት ወርድ የሚጽፉስ?

ብዙ ኬሚስቶች የሚጽፉት በዚሁ ነው። ወርድ ተከታታይ ቁጥር የሚሰጡ መስኮችና ወደ እነርሱ የሚጠቁሙ ማጣቀሻዎች አሉት። ልዩነቱ እዚህ ቁጥሩ ቤት ያለው መሆኑ ነው፤ የሚወለደው መስኩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጸሐፊው ውህዱን ቀደም ባለ ገጽ ላይ ቢያነሣው ተራው አይለወጥም፤ መስኩን ራሱን ማዛወር አለበት። መስኩ ያለበትን አንቀጽ የሰረዘ ሰው ደግሞ በየቦታው «የማጣቀሻው ምንጭ አልተገኘም» የሚል የስሕተት መልእክት ያጭዳል። ማጣቀሻዎቹም ሁልጊዜ በራሳቸው አይታደሱም። ሙሉውን ጽሑፍ መርጦ ኤፍ 9 የተባለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ የረሳ ሰው አሮጌውን ቁጥር ይልካል።

አንድ ቁጥር ቢሳሳት ምን ችግር አለው?

የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል የአሠራር መመሪያ ነው፦ ይህን ያህል ግራም ይህን ጨምር፣ ይህን ያህል ሰዓት አሙቅ። ብዙ ጊዜም ልኬቶቹና የመለኪያ ሥዕሎቹ በሌላ ፋይል፣ በተጨማሪ መረጃነት ይቀርባሉ። ሌላ ቤተ ሙከራ ያለ ሰው ሥራውን ሊደግም ሲነሣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ ቁጥሩ ብቻ ነው። 7ለ እና 7ሐ ቢቀያየሩ በትክክለኛው ጥንቃቄ የተሳሳተውን ውህድ ይሠራል፤ ልኬቱ ሲነጻጸር አይገጥምም፤ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል።

ሁለቱ ፋይሎች ለየብቻ ሲቆጥሩ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ላቴክ አንዱ ሰነድ የሌላውን ረዳት ፋይል እንዲያነብ የሚያደርግ መላ አለው። በተጨማሪ መረጃው ውስጥ ብቻ የሚገኙ ውህዶችም ከዋናዎቹ ጋር እንዳይምታቱ ከቁጥሩ በፊት ኤስ የተባለችው ፊደል ትጨመርላቸዋለች።

ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ሁሉም ቁጥር በእርግጥ በማሽኑ የሚቆጠር መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀላል ፈተና አለለት። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሌለ ውህድ፣ ማንኛውንም የፈጠራ መጠሪያ፣ ይጨምርና ጽሑፉን እንደገና ያስኬድ። ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ከፍ ማለት አለባቸው። ሳይንቀሳቀስ የቀረው ቁጥር በጣት የተጻፈ ነው፤ ምናልባት ከወራት በፊት በአንድ የድካም ሌሊት። በቀይ ይከበብና ይታረም፤ ከዚያ የውሸቱ ውህድ ተሰርዞ ጽሑፉ እንደገና ሁለት ዙር ይሂድ።